አዲስ የድመት ግልገል ነባር ድመት ወዳለበት ቤት ሲመጣ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ፣ በደብረ ሲናና በአካባቢያቸው ድመት የሚያሳድጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሧቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረው ቀርበዋል።

ግልገሏን በስንት ሳምንቷ ከእናቷ ለይቼ ላምጣት?

ቢያንስ 8 ሳምንት ሊሞላት ይገባል፤ እስከ 12 ሳምንት ከእናቷና ከወንድም እኅቶቿ ጋር ብትቆይ ደግሞ የተሻለ ነው። በአካባቢያችን ግልገል መራመድ እንደ ጀመረች «ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ» እየተባለ በአንድ ወሯ የምትወሰድበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ዕድሜ የምትወሰድ ግልገል ጡት ያልጠገበች ብቻ ሳትሆን የድመት ሥርዓትም ያልተማረች ናት። ጥርሷንና ጥፍሯን መቆጠብ የምትለምደው ከወንድም እኅቶቿ ጋር ስትታገል፣ አጥብቃ ስትነክስ ደግሞ የተነከሰው ጮኾ ጨዋታውን ሲያቋርጥባት ነው። ይህን ሳትማር የመጣች ግልገል የነባሯን ድመት ጅራት እንደ መጫወቻ ትይዛለች፤ ነባሯም አትታገሣትም።

ስለዚህ ግልገሏን ቢመርጡም ለባለቤቷ «አደራ፣ እናቷ ዘንድ ትቆይልኝ» ብለው መመለስ ይሻላል። በዚያው አንድ ጨርቅ ከእናቷ መኝታ ላይ ጣል አድርገው ይሂዱ፤ ግልገሏን ሲያመጡ የለመደችው ሽታ እንዳይለያት አብረው ይዘውት ይመጣሉ።

በመጣችበት ቀን ወለሉ ላይ ለቅቄ ቢተዋወቁ ምን ክፉ ነገር አለው?

ድመት የመንጋ እንስሳ አይደለችም። አንድ እንግዳ በግ ወደ በረት ቢገባ ብዙም ሳይቆይ ከመንጋው ጋር ይቀላቀላል፤ ድመት ዘንድ ግን እንዲህ የለም። ለእርሷ ቤት ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ሽታ ነው። ጉንጯን በበሩ መቃን፣ በቁም ሣጥኑ ጠርዝና በእርስዎ እግር ላይ የምታሸው የራሷን ሽታ ለማኖር ሲሆን፣ ያንን ሽታ በየዕለቱ እያደሰች ነው ቤቱን ቤቴ የምትለው። ድንገት የማታውቀው ሽታ ያላት ፍጥረት በመካከሉ ብትቆም እንደ ወራሪ እንጂ እንደ ሕፃን አታያትም።

እኔም ይህን ስሕተት ሠርቻለሁ። የስምንት ዓመቷ ዳልቻ ምድጃ ዳር ተኝታ ሳለ ሚጢ ያልናትን ግልገል ከቅርጫት አውጥቼ አጠገቧ አስቀመጥኋት። ዳልቻ አንድ ጊዜ አሸተተቻት፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች፣ በመስኮት ዘልላ ወጣች፤ ከዚያም አራት ቀን ሙሉ ከጎረቤት የጭድ ክምር ላይ አልወርድ አለች። ምግብ ይዤ እየወጣሁ ስለምናት ፊቷን ታዞርብኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ስትመለስ ሚጢን በር ዘግቼ አስገብቼ ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ ጀመርሁ።

ትርፍ ክፍል የለኝም። ግልገሏን የት ላቆያት?

ቦታው ሰፊ መሆን የለበትም፤ የሚዘጋ በር ካለው ይበቃል። ከዋናው ቤት የተለየ ማድቤት፣ ሰርቪስ ክፍል ወይም የሚዘጋ መኝታ ክፍል ይሆናል። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ከእንጨትና ከዶሮ ሽቦ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚያህል ሣጥን አሠርተው፣ ሦስቱን ጎን በጨርቅ ሸፍነው ጥግ ላይ ያስቀምጡ። በውስጡ የመኝታ ካርቶን፣ ውኃ፣ ምግብና መጸዳጃ ይግቡ፤ ምግቡና መጸዳጃው በተቻለ መጠን ይራራቁ።

ብርዱ ቀላል ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድባቸው ሌሊቶች ከእናቷ ጉያ የወጣች ግልገል ብቻዋን ሙቀቷን ለመጠበቅ ይቸግራታል። ካርቶኑን ከሲሚንቶው ወለል ከፍ አድርገው ባና ወይም አሮጌ ሹራብ ያንጥፉበት፤ ሞቅ ያለ ውኃ የሞላ ሃይላንድም በጨርቅ ጠቅልለው ከጎኗ ያኑሩላት። የከሰል ምድጃ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይተዉ፤ የማይታየውና የማይሸተው ጋዝ ሰውንም ድመትንም ይገድላል።

የእህል ማስቀመጫ ክፍልን በሚመለከት አጥብቄ የምለው አለ። «አይጥም ትጠብቅበታለች» ተብሎ ግልገል እዚያ የምትዘጋበት ቤት አለ። እህሉ ላይ የነቀዝ ክኒን፣ ማለትም ብዙዎች ፎስቶክሲን የሚሉት ከተደረገ የሚወጣው ጋዝ ገዳይ ነው። የአይጥ መርዝ የተበተነበት ክፍልም እንዲሁ አይሆንም፤ መርዝ የበላች አይጥን የምትበላ ድመት ራሷ ልትመረዝ ትችላለችና።

ከመገናኘታቸው በፊት ምን ሕክምናና ክትባት ያስፈልጋል?

ግልገሏ ጤናማ ብትመስልም ከ10 እስከ 14 ቀን ለብቻዋ መቆየቷ የተደበቀ በሽታ ካለ ወደ ነባሮቹ ሳይተላለፍ እንዲታይ ያደርጋል። በእነዚህ ቀናት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስደው የሆድ ትል፣ ቁንጫ፣ በጆሮ ውስጥ የሚራባ ጥቃቅን ተባይና ጭርት እንዳለባት ያስመርምሩ። የሆድ ትል በእናት ጡት ወተት በኩል ስለሚተላለፍ ከመልካም ቤት የመጣች ግልገልም ሊኖርባት ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት 3 ወር ሲሞላት ይሰጣታል፤ የነባሮቹ ጊዜ አልፎ ከሆነ በዚያው ይታደስላቸው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ፓንሉኮፔኒያ የተባለው የቫይረስ በሽታ ነው፤ ግልገሎችን በትውከትና በተቅማጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል፤ ቫይረሱም በወለልና በዕቃ ላይ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ቀደም ሲል በቤትዎ ድመት እንዲህ ሆና ከሞተች፣ አዲሷ ግልገል የዚህን በሽታ ክትባት ሳትወስድ አትምጣ። ክትባቱ በሁሉም ወረዳ ላይገኝ ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ።

ሁለት ነገር ደግሞ በእጅዎ አያድርጉ፦ ለበግ የተገዛውን የመዥገርና የቁንጫ መድኃኒት አይቀቧት፣ ለሰው የተገዛ ፓራሲታሞል አይስጧት። ብዙዎቹ የከብትና የውሻ የተባይ መድኃኒቶች ድመትን ይመርዛሉ፤ ፓራሲታሞልም በትንሽ መጠን ይገድላታል።

ሽታቸውን ማላመድ የሚባለው እንዴት ይሠራል?

የማላመዱ ሥራ አብዛኛው የሚያልቀው ድመቶቹ ሳይተያዩ ነው። በንጹሕ ጨርቅ የግልገሏን ጉንጭና አገጭ በቀስታ አሽተው ጨርቁን ነባሯ ከምትበላበት ሳሕን ትንሽ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ የነባሯንም ሽታ በሌላ ጨርቅ ወደ ግልገሏ ይውሰዱ። ጨርቁን በየቀኑ ወደ ሳሕኑ ያስጠጉ። ግልገሏን በሳሙና አይጠቡ፤ ክፍሏ ውስጥም ዕጣን አያጭሱ፤ እንዲታወቅ የሚፈለገው የራሷ ሽታ ነውና።

ለዳልቻ የተጠቀምሁት ሚጢ የተኛችበትን የባና ቁራጭ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከሩቅ አንገቷን አስግጋ አሸተተችው፣ አፏን ገርበብ አድርጋ ጥቂት ቆየች፣ ዞራም ሄደች። በሦስተኛው ቀን አጠገቡ ቆማ በላች፤ ዐይኗ ግን ባናው ላይ ነበር። በስድስተኛው ቀን ማለዳ በሩን ስከፍት ባናው ላይ ተጠቅልላ ተኝታ አገኘኋት፤ ቀጣዩን እርምጃ ለመጀመር የጠበቅሁት ይህን ነበር።

ቀጣዩ እርምጃ በተዘጋ በር ግራና ቀኝ ማብላት ነው። ሁለቱንም ሳሕኖች በመጀመሪያ ከበሩ ሁለት ሜትር ያህል አርቀው፣ ተረጋግተው ሲበሉ በየቀኑ በስንዝር ያቅርቧቸው። ነባሯ መብላት ትታ በሩን ትኩር ብላ ካየች ፈጥነዋል ማለት ነው፤ ወደ ትናንቱ ርቀት ይመለሱ። በመጨረሻም ነባሯ ደጅ ስትወጣ ግልገሏን ቤቱን እንድትዞር፣ ነባሯንም የግልገሏን ክፍል እንድትጎበኝ ያድርጉ።

ፊት ለፊት የሚተያዩት መቼና እንዴት ነው?

በበሩ ግራና ቀኝ ያለ ማጉረምረም መብላት ሲችሉ። በመጀመሪያ በዶሮ ሽቦ ወይም ጠበብ ብሎ በተከፈተ በር በኩል፣ ሁለቱም ራብ ባላቸው ሰዓት፣ ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ይተያዩ። መልካም እየሆነ ሳለ ያቋርጡት፤ ጠብ እስኪነሣ አይጠብቁ።

መከለያው ሲነሣ ግልገሏን በእቅፍዎ ይዘው አያቅርቧት፤ ሁለቱም መሸሻ ያጡና እርስዎን ይቧጭራሉ። በክር ጫፍ የዶሮ ላባ አስረው ግልገሏን ያጫውቷት፤ በጨዋታ የተጠመደች ግልገል ወደ ነባሯ አትሮጥም። ነባሯ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ፣ ቆጥም ሆነ የቁም ሣጥን ራስ፣ ሊኖራት ይገባል። ከላይ ሆና የምታይ ድመት ልቧ ያርፋል። እርስዎ በሌሉበት ግን ለሳምንታት ለየብቻ ይዘጉ።

ነባሯ ድመት ፍሽ ትላለች፣ ታጉረመርማለች። ጠላቻት ማለት ነው?

አይደለም። ፍሽ ማለት «አትቅረቢኝ» ማለት ነው፤ ግልገሏ ሰምታ ከቆመች ወይም ካፈገፈገች ንግግሩ ሠርቷል። ጥፍሯን ሳታወጣ በመዳፏ መታ ብታደርጋትም ሥርዓት እያስተማረቻት ነው። ጣልቃ አይግቡ።

ሊያሳስብዎት የሚገባው ዝምታው ነው። ነባሯ ዐይኗን ሳታርገበግብ፣ ሰውነቷን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ፣ የጅራቷን ጫፍ እያወዛወዘች ግልገሏን የምትከተል ከሆነ እያደነቻት ነው፤ ካርቶን በመካከላቸው አስገብተው ይለያዩአቸው። እንዲህም ሆኖ ነባሯን መምታት ወይም መቆጣት አይገባም፤ ከግልገሏ ጋር በሆነች ቁጥር ዱላ የምታይ ድመት ዱላውን ያመጣባት ግልገሏ እንደ ሆነች ነውና የምትይዘው። ይልቁንም ምግብ ሲቀርብ፣ ሲዳበሱም ነባሯ ትቅደም። የቤቱ ልጆች በሙሉ ወደ ግልገሏ ሲሮጡ አሮጊቷን ብቻዋን ጥግ ይዛ ማየት ያሳዝናል፤ አንድ ሰው ለእርሷ ይመደብላት።

በአንድ ሳሕን ቢበሉስ? በጾም ወቅትስ ምን ላብላት?

ሳሕኑ ለየብቻ ይሁን። ግልገል በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ትበላለች፤ ነባሯ ሁለት ጊዜ ይበቃታል። በአንድ ሳሕን ሲበሉ አንዷ ሁሉንም ትበላለች፣ ሌላዋ ጾሟን ታድራለች፤ ብዙው ጠብም የሚነሣው ከዚህ ነው።

በሁዳዴ 55 ቀናት ውስጥ በብዙ ቤት ሥጋና ወተት ስለማይኖር ድመቶች ሽሮ የነካ እንጀራ ይሰጣቸዋል። ድመት ያለ ሥጋ ወይም ሌላ የእንስሳት ምግብ መኖር የማትችል ፍጥረት ናት፤ በወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቀይ የደም ሴሏን ይጎዳል። በዚያ ላይ ራብ ሲጨመር የተላመዱትም ድመቶች ይጣላሉ። ዶሮ ያለው ቤት ግን መፍትሔው ቅርብ ነው፦ ቤተሰቡ የማይበላው እንቁላል ተቀቅሎ ለድመቶቹ ይሁን። ልኳንዳ ቤት ሳይዘጋ የተገዛ ሳንባና ሥጋም ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ተቀቅሎ ይሰጣል። የላም ወተት ብዙ ግልገሎችን ያስቀምጣቸዋል፤ መጠጣቸው ንጹሕ ውኃ ይሁን።

ስንት መጸዳጃ ያስፈልጋል?

ከድመቶቹ ቁጥር አንድ የሚበልጥ፤ ለሁለት ድመት ሦስት። ነባሯ ደጅ የምትጸዳዳ ከሆነ ለግልገሏ ሁለት ይበቃሉ። በሰፊ ሳፋ ደረቅ አሸዋ ወይም አፈር ያድርጉበት፤ አመድ ሲረጥብ መዳፍን ስለሚያቃጥል ባይሆን ይመረጣል። በየቀኑ ይጸዳ። በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች ግን ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራው፤ በድመት ዐይነ ምድር የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ ፅንስን ይጎዳል።

ሁሉም ነገር ስንት ቀን ይፈጃል?

የሦስት ወር ግልገልና የሁለት ዓመት ድመት በሁለት ሳምንት ሊላመዱ ይችላሉ። ነባሯ ካረጀች ወይም ለዓመታት ብቻዋን ከኖረች ሁለትና ሦስት ወር መጠበቅ ነው። ዳልቻ ሰባት ሳምንት ፈጅቶባታል። ቀኑን የምትወስነው ነባሯ ናት።

ነባሩ ወንድ ድመት ቢሆንስ? ግልገሏን አይገድላትም?

ያልተኮላሸ አውራ ድመት የራሱ ያልሆኑ ጡት የሚጠቡ ግልገሎችን የሚገድልበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ሥጋቱ መሠረት አለው። ሦስት ወር የሞላትን ግልገል እንዲህ የሚያደርገው ከስንት አንዴ ቢሆንም፣ በበርና በሽቦ ያለው ጊዜ ለእርሱ ይረዝማል። የተኮላሸ ወንድ ግን ብዙውን ጊዜ ከአሮጊት ሴት ድመት ይልቅ ለግልገል ታጋሽ ነው።

ሌላው ጉዳይ ብዙ ሰው ሳያስበው የሚደርስበት ነው። ሴት ግልገል ከአራት ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናው ዘጠኝ ሳምንት ያህል ነው። በመስከረም የሦስት ወር ሆና የመጣች ግልገል በጥር እናት ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። ወንዱን ማኮላሸት ወይም ግልገሏን በአራትና በአምስት ወሯ መካከል ማምከን እንደሚቻል ገና በመጣችበት ሳምንት ሐኪም ያማክሩ።

ነባሯ መብላት አቆመች፤ ከቤትም እየጠፋች ነው። ምን ላድርግ?

ግልገሏን ወዲያውኑ ወደ ተዘጋ ክፍሏ ይመልሱና ቤቱን ለነባሯ ይልቀቁላት። ምግቧን ባለችበት፣ ጎረቤት አጥር ላይም ቢሆን፣ በለመደችው ሳሕን ይውሰዱላት፤ የራሷ ሽታ ያለበትን ጨርቅም ከበሩ አጠገብ ያኑሩ። ጎረቤት እንዳያባርራት፣ ነገር ግን ሌላ ምግብ ሰጥቶ እንዳያስቀራት ይንገሩ።

ሁለት ቀን ምንም ያልበላች ድመት ሐኪም ማየት አለባት። በተለይ ወፍራም ድመት ስትራብ የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ተከማችቶ ለሞት የሚያደርስ ሕመም ያመጣል፤ «ሲርባት ትበላለች» ብሎ መተው እዚህ ላይ አይሠራም።

ተጣልተው ቢቋሰሉ፣ ወይም እኔን ቢነክሱኝስ?

እጅዎን በመካከላቸው አያስገቡ። በኃይል ያጨብጭቡ፣ ብርድ ልብስ ይጣሉባቸው፤ ከዚያም ለየብቻ ይዝጉ። የድመት ንክሻ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ሆኖ ይደፈንና ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ውስጡ መግል ይቋጥራል፤ ጠጉሯን ገልጠው ይመልከቱ፣ እብጠት ካለ ሐኪም ያሳዩ። ማላመዱን ቢያንስ ከሳምንት ዕረፍት በኋላ ከሽታው ጀምረው ይድገሙት።

እርስዎ ከተነከሱ ወይም ከተቧጨሩ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃና በሳሙና አጥበው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን ስለማይቻል «የራሴ ድመት ናት» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ድመቷ ያለ ምክንያት ጠባይዋ ከተለወጠ፣ ለሃጯ ከተዝረበረበና ያገኘችውን ሁሉ የምትነክስ ከሆነ አይንኳት፤ ዘግተው ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።

ወራት አለፉ፤ አሁንም አልተዋደዱም። ግልገሏን ለሌላ ሰው ልስጣት?

መዋደድና መስማማት ይለያያሉ። ዳልቻና ሚጢ ዛሬም አብረው አይተኙም፤ ማታ ምድጃው ሲነድ አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ ተቀምጠው፣ ጀርባ ሰጥተው ይሞቃሉ። ሁለቱም ይበላሉ፣ በየቦታቸው ይተኛሉ፣ በመተላለፊያ ሲገናኙ አንዷ ለሌላዋ ትለቃለች። እንዲህ ከሆነ ምንም የጎደለ ነገር የለም።

ነባሯ ግን ክብደቷ እየቀነሰ፣ ቀኑን ሁሉ ቆጥ ላይ ተደብቃ ካለች፣ ወይም ዕድሜዋ ከ12 ዓመት በላይ ሆኖ መገጣጠሚያዋ እየታመመ ግልገሏ የምትዘልልባት ከሆነ፣ የቤቱ መጀመሪያ ባለቤት እርሷ ናትና ለእርሷ ይፍረዱ። ግልገሏን ገና ሳታድግ ሌላ ድመት ለሌለበት ቤት መስጠት ጭካኔ አይደለም። ስትሄድ የተኛችበትን ባናና ከመጸዳጃዋ አንድ እፍኝ አሸዋ አብረው ይላኩላት፤ አዲሱ ቤት ስትደርስ የራሷን ሽታ ታገኛለች፣ የት እንደምትጸዳዳም አይጠፋትም።